አዲሱ ዊንዶውስ ላይ የመጀመሪያዎቹ አስር ቀናት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም አንባቢዎቼ። የራሴን የስራ ላፕቶፕ ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 ካሻገርኩ ገና ሶስተኛ ሳምንቴ ነው። ለሰው ስጭን ቆይቻለሁ፣ ግን የሰው ኮምፒውተር ላይ ጭኖ መመለስና ጠዋት ከፍቶ እስከ ማታ አብሮት መዋል በጣም ይለያያል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14፣ 2025 ስላበቃ ብዙዎቻችሁም እየተሻገራችሁ ነው፣ የደረሱኝ ደብዳቤዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ስለዚሁ ናቸው። ሳነባቸው አንድ ነገር ደጋግሞ ታየኝ፣ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም ነገር ደባልቆ ነው የሚፈርደው። በራሱ ጊዜ የሚያልፈውን መንቀራፈፍ፣ እጁ የለመደውን ነገር ማጣቱን እና የእውነት አደገኛ የሆነውን ነገር በአንድ አይን ያያቸዋል። ለይታችሁ እንድታዩአቸው ነው የምፈልገው፣ ምክንያቱም በቀላሉ ወደ ድሮው ለመመለስ ያላችሁ ጊዜ 10 ቀን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ወደ 11 ካሳደግኩት አራተኛ ቀኔ ነው። ፋኑ ሌት ተቀን ይጮሃል፣ ላፕቶፑ ጭኔ ላይ አላስቀምጥ ብሎኛል ይግላል፣ ዎርድ ለመክፈት እንኳን ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ድሮ እንደዚ አልነበረም። ምን አጠፋሁ? አሁኑኑ ልመልሰው?
— ፋኑ ያስቸገረው

መልስ፦ ምንም አላጠፋህም ወንድሜ፣ ግን በአራተኛ ቀን ባትፈርድ ጥሩ ነው። አፕግሬዱ አልቋል ብሎ ዴስክቶፑን ካሳየህ በኋላ እኮ ስራው ከጀርባ ይቀጥላል። ሰርች ስታረግ ቶሎ እንዲያገኝልህ ፋይሎችህን እንደ አዲስ እያነበበ ማውጫ ያዘጋጃል፣ ዲፌንደር የሚባለው ፀረ ቫይረስ ስካን ያረጋል፣ ዊንዶውስ አፕዴት ድራይቨሮችን (የኮምፒውተሩን እቃዎች የሚያሰሩትን ትንንሽ ፕሮግራሞች) እያወረደ ይጭናል፣ ስቶር ላይ ያሉት አፖች ደግሞ በላይ በላዩ ይታደሳሉ። ይሄ ሁሉ ባንዴ ሲመጣ ፋኑ ቢጮህ አይገርምም። ብዙ ፎቶና ዶክመንት ያለው ሰው ላይ ከአንድ ቀን በላይ ሊወስድ ይችላል፣ በተለይ ላፕቶፑን ለግማሽ ሰአት ከፍተህ ስራህን ጨርሰህ ወዲያው ክዳኑን የምትዘጋ ከሆነ ቀናት ይጎተታል፣ ምክንያቱም አብዛኛው የጀርባ ስራ የሚሰራው ማሽኑን ማንም ሳይነካው ሲቀመጥ ነው። ስለዚ ዛሬ ማታ ቻርጀሩን ሰክተህ፣ ስሊፕ እንዳይገባ አርገህ፣ ጠረጴዛ ላይ (አልጋ ወይም ትራስ ላይ አይደለም፣ የአየር መውጫው ይዘጋል) ክፍቱን ተወውና ተኛ። የኔ በሁለተኛው ለሊት ነው ፀጥ ያለው።

ከዛ በኋላም ካልተሻለው ኮንትሮልና ሺፍትን ይዘህ ኢስኬፕን ስትጫን ታስክ ማናጀር ይከፈታል፣ እዛ ላይ ፐርፎርማንስ የሚለው ገፅ ውስጥ ዲስክ ስር ኤስኤስዲ ወይም ኤችዲዲ የሚል ፅሁፍ ታገኛለህ። ኤችዲዲ ካለ፣ ማለትም የሚሽከረከረው የድሮው አይነት ዲስክ ከሆነ፣ ነገሩ የመልመድ ጉዳይ አይደለም። ዊንዶውስ 11 ትንንሽ ፋይሎችን ከየቦታው በብዛት ስለሚያነብ የዲስኩ መርፌ ወዲያ ወዲህ ሲል ሁሉም ፕሮግራም ወረፋ ይይዛል፣ ለዛ ነው ዲስክ የሚለው ቦታ ላይ 100 ፐርሰንት ተፅፎ የምታየው። ያንን ዲስክ በኤስኤስዲ፣ ማለትም ምንም የሚሽከረከር ነገር በሌለው አዲሱ አይነት ዲስክ፣ መቀየር ለአሮጌ ኮምፒውተር ሊደረግ ከሚችለው ነገር ሁሉ ትልቁ ነው፣ ይሄን ስል በጣም እርግጠኛ ሆኜ ነው፣ ምክንያቱም ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ራሙንም (የከፈትካቸው ፕሮግራሞች የሚሰሩበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ) እዛው ተመልከት። መስፈርቱ ላይ 4 ጊጋ ይበቃል ተብሎ ተፅፏል፣ ሲስተሙ ይነሳል አዎ፣ ግን ብሮውዘር ላይ ጥቂት ታብ እንደከፈትክ ይሞላና ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል። እኔ ከ8 ጊጋ በታች ለሆነ ማሽን አፕግሬዱን አልመክርም።

ጥያቄ፦ ልጄ እንደምን አለህ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቤቴ ሆኜ የትርጉም ስራ እሰራለሁ። የልጅ ልጄ ኮምፒውተሬ ላይ የነበረውን ዊንዶውስ አጥፍቶ አዲሱን ጫነልኝ፣ ይባረክ፣ ግን ስታርት የሚለው መሀል ሄዷል፣ የከፈትኳቸው ፋይሎች ስማቸው ከታች አይታይም፣ ራይት ክሊክ ሳረግ ኮፒ የሚለውን አጣሁት። የድሮ የአማርኛ ፅሁፎቼም ስከፍታቸው መልካቸው ተለውጧል፣ ገፁም ተዛንፏል። አርጅቼ ነው ወይስ እሱ ነው?
— የአማርኛ ተርጓሚዋ

መልስ፦ እናቴ እርስዎ አላረጁም፣ እቃው ነው ቦታ የቀየረው። አንድ በአንድ እንሂድ።

ስታርት የሚለውን ወደ ግራ ለመመለስ ከታች ባለው ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ ያርጉ፣ ታስክባር ሴቲንግስ የሚል ይመጣል፣ እሱን ከፍተው ወደ ታች ሲወርዱ ታስክባር ቢሄቪየርስ የሚል አለ፣ እዛ ውስጥ አላይመንት የሚለውን ሌፍት ያርጉት፣ በቃ ድሮ ቦታው ይመለሳል። እዛው ገፅ ላይ ኮምባይን የሚል ቃል ያለበት ምርጫ አለ፣ ኔቨር የሚለውን ሲመርጡ የከፈቷቸው ፋይሎች ስም እንደ ድሮው በየራሳቸው ይታያል። ይሄኛው ዊንዶውስ 11 በ2021 ሲወጣ አልነበረም፣ በ2023 ነው የመለሱት፣ ስለዚ ካላገኙት አፕዴት ይቀረዋል ማለት ነው።

ኮፒ የሚለው አልጠፋም። ራይት ክሊክ ሲያረጉ ከሜኑው ጫፍ ላይ በተርታ የተደረደሩ ትንንሽ ስእሎች አሉ፣ መቀሱ መቁረጥ ነው፣ ሁለት ወረቀት የተደራረበው ኮፒ ነው። የድሮው ረጅም ሜኑ እንዲመጣልዎት ከፈለጉ ሺፍትን ተጭነው ይዘው ራይት ክሊክ ያርጉ። እኔን ከሁሉም በላይ ያስቸገረኝ ይሄ ነበር፣ እጄ ሜኑው ውስጥ ወደለመደው ቦታ ይሄድና ያጣዋል፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ፈጅቶብኛል። አሁን ግን ስእሎቹን ሳላይ ነው የምነካቸው።

የአማርኛውን ጉዳይ በደንብ ልንገርዎት ምክንያቱም እሱ የስራዎ እንጀራ ነው። ፅሁፎችዎ ኒያላ በሚባለው ፎንት የተፃፉ ይመስለኛል፣ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ የነበረው ነው። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን እንደ ተጨማሪ እቃ ተቆጥሮ በራሱ አይጫንም፣ እሱ በሌለበት ኮምፒውተሩ ፊደሎቹን በሌላ ፎንት፣ አብዛኛውን ጊዜ ኢብሪማ በሚባለው፣ ይተካቸዋል። የፊደሎቹ ስፋት ስለሚለያይ ነው ገፁ የተዛነፈው፣ ፅሁፉ ራሱ አልተነካም። ሴቲንግ ከፍተው መፈለጊያው ላይ ኦፕሽናል ፊቸርስ ብለው ይፈልጉ፣ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ኢትዮፒክ ሰፕሊመንታል ፎንትስ የሚለውን ይጨምሩ፣ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ከጫኑ በኋላ ዎርድን ዘግተው ይክፈቱት። እባክዎ ከዛ በፊት ፋይሎቹን በእጅ ማስተካከል እንዳይጀምሩ፣ ፎንቱ ሲመለስ ሁሉም ነገር ድጋሚ ይዛነፋል።

እና ለትርጉም ስራ አንድ በጣም የወደድኩትን ልንገርዎት፣ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዘው ዜድን ሲጫኑ ስክሪኑን እንዴት ልከፋፍለው ብሎ ይጠይቅዎታል፣ ዋናውን ፅሁፍ በግራ ትርጉሙን በቀኝ ያስቀምጡት። ፎልደሮችንም አሁን ልክ እንደ ብሮውዘር በታብ መክፈት ይቻላል፣ ከ2022 ጀምሮ የመጣ ነው። ለዚህ ሁለት ነገር ብቻ ስል ወደ ድሮው መመለስ አልፈልግም።

ጥያቄ፦ አፕግሬዱ ሲያልቅ ባካፕ ምናምን የሚል ነገር ጠየቀኝ ሳላነብ እሺ እሺ እያልኩ አለፍኩት። አሁን ዴስክቶፔ ላይ ያሉት ፋይሎች ጎናቸው የደመና ምልክት አለ፣ ቦታ ሞልቷል የሚል መልእክት በየቀኑ ይመጣል፣ ቦታ ላስለቅቅ ብዬ ዋንድራይቭ ዌብሳይት ላይ ገብቼ የድሮ ፎቶዎችን ሳጠፋ ከላፕቶፔም ላይ ጠፉ!! የልጄ ፎቶዎች ናቸው እባክህ ቶሎ መልስልኝ።
— የደነገጠች እናት

መልስ፦ እህቴ ፎቶዎቹ ሊገኙ ይችላሉ፣ ዛሬውኑ ግን ግቢ። ያጠፋሽበት የዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ላይ ፋይል ማስቀመጫ) ዌብሳይት ላይ በግራ በኩል ሪሳይክል ቢን አለ፣ ለግል አካውንት የጠፋ ፋይል እዛ 30 ቀን ይቆያል (አካውንቱ ሞልቶ ከሆነ ግን ከዛ ባነሰ ጊዜ ሊያስወግደው ስለሚችል ነው ዛሬውኑ ያልኩሽ)። ፎቶዎቹን መርጠሽ ሪስቶር በያቸው። ላፕቶፕሽ ላይ ያለውን ሪሳይክል ቢንም እይው።

አሁን ምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ ይሄን ሌሎቻችሁም በደንብ አንብቡት ምክንያቱም ከሁሉም ደብዳቤ ይሄኛው ነው ያሳሰበኝ። ያ እሺ ብለሽ ያለፍሽው ጥያቄ ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስና ፒክቸርስ የሚባሉትን ፎልደሮች ዋንድራይቭ ውስጥ የሚያስገባ ነው። ስሙን ባካፕ ይበሉት እንጂ ስራው ሲንክ ነው፣ ማለትም ላፕቶፕሽ ላይ የምታዪው ፎልደርና ኢንተርኔት ላይ ያለው ፎልደር ሁለት ኮፒ ሳይሆን አንድ ቤት በሁለት በር ነው፣ በአንዱ በር ገብተሽ ያወጣሽው እቃ በሌላኛውም በር ስትገቢ የለም። በነፃ የሚሰጠው ቦታ ደግሞ 5 ጊጋ ብቻ ስለሆነ የቤተሰብ ፎቶ ያለው ሰው ወዲያው ይሞላበታል። ስልክሽ ቢጠፋ ወይ ላፕቶፕሽ ቢሰበር ፋይሉ ኢንተርኔት ላይ መኖሩ ትልቅ ጥቅም ነው፣ እኔም ለስራ ዶክመንቶቼ እጠቀምበታለሁ፣ ግን አውቆ መግባትና ሳያውቁ ገብቶ መገኘት ይለያያሉ።

ማውጣት ከፈለግሽ ተራውን እንዳታዛቢ። የደመና ምልክት ያለበት ፋይል ላፕቶፕሽ ላይ የለም፣ ስሙ ብቻ ነው ያለው፣ ስትከፍቺው ነው የሚወርደው። ስለዚ መጀመሪያ ፎልደሮቹ ላይ ራይት ክሊክ አርገሽ ኦልዌይስ ኪፕ ኦን ዚስ ዲቫይስ የሚለውን ምረጪና ሁሉም አረንጓዴ ክብ ምልክት እስኪሆኑ ጠብቂ። ከዛ ሁሉንም ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ ላይ ኮፒ አርጊያቸው። ይሄን ካረግሽ በኋላ ብቻ ከታች በስተቀኝ ያለውን የዋንድራይቭ ደመና ነክተሽ ሴቲንግ ውስጥ ሲንክ ኤንድ ባካፕ፣ ከዛ ማኔጅ ባካፕ ገብተሽ አንድ በአንድ ታጠፊዋለሽ። ስታጠፊው ዴስክቶፕሽ ባዶ ሆኖ ቢታይሽ አትደንግጪ፣ ፋይሎቹ ዋንድራይቭ በሚለው ፎልደር ውስጥ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል፣ ከዛ ጎትተሽ ወደ ቦታቸው መመለስ ነው።

ጥያቄ፦ ባዮስ አፕዴት ካረግኩ በኋላ ሰማያዊ ስክሪን ላይ 48 አሃዝ ቁጥር አስገባ እያለኝ ነው። እንዲህ አይነት ቁጥር ማንም ሰጥቶኝ አያውቅም።
— ውጭ የቀረው

መልስ፦ ዲስክህ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ተቆልፏል ማለት ነው። የመክፈቻው ቁልፍ ቲፒኤም በሚባለው የሴኪዩሪቲ ቺፕ ውስጥ ይቀመጣል፣ ቺፑ ደግሞ ኮምፒውተሩ የሚነሳበት መንገድ ሲቀየርበት፣ ልክ አንተ ባዮሱን (ኮምፒውተሩን መጀመሪያ የሚያስነሳውን ፕሮግራም) እንደቀየርከው፣ ሌላ ሰው ዲስኩን እየነካ እንደሆነ ይቆጥርና ቁልፉን ይከለክላል። በስልክህ ብሮውዘር ወደ ማይክሮሶፍት አካውንትህ ግባ፣ ላፕቶፑን መጀመሪያ ያዘጋጀህበት አካውንት መሆን አለበት፣ ዲቫይስስ የሚለው ስር ሪከቨሪ ኪይ ታገኛለህ። ሰማያዊው ስክሪን ላይ ያለው የኪይ አይዲ ከዛኛው ጋር መግጠሙን እይና ቁጥሩን አስገባ። የመስሪያ ቤት ላፕቶፕ ከሆነ የአይቲ ክፍሉ ጋር ነው ያለው።

ቁጥሩ የትም ከሌለ ፋይሎቹን ማንም ሊከፍታቸው አይችልም፣ እከፍትልሃለሁ የሚልህን ሰው አትመን። ለዚህ ነው ሌሎቻችሁን አሁኑኑ ብዬ የምለምነው፣ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ገብታችሁ ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን (ይሄው የዲስክ መቆለፊያ ነው) በርቶ እንደሆነ እዩ። ከ24ኤች2 የሚባለው እትም ወዲህ እንደ አዲስ ተጭኖ በማይክሮሶፍት አካውንት የተከፈተ ኮምፒውተር ላይ፣ ቤት ውስጥ የምንጠቀምበት ሆም የሚባለውም ቢሆን፣ በአብዛኛው በራሱ ይበራል። በርቶ መገኘቱ ጥሩ ነው፣ ሌባ ላፕቶፑን ቢወስደው ፋይላችሁን አያይም። ግን ቁጥሩን በወረቀት ፅፋችሁ ከላፕቶፑ ርቆ አስቀምጡት።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ የ2016 ነው፣ 16 ጊጋ ራም አለው፣ ኤስኤስዲ አለው፣ እንደ ነብር ይሮጣል። ግን ለዊንዶውስ 11 አይሆንም ይለኛል። ጓደኛዬ ፍተሻውን አልፎ የሚጭን መንገድ አውቃለሁ አለኝ። ላስጭነው?
— ጥሩ ላፕቶፕ ይዞ የቆመ

መልስ፦ ብስጭትህ ይገባኛል፣ ጤነኛ ማሽን ነው ያለህ። የከለከለህ ፍጥነቱ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ይመስለኛል፣ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድና ከዛ በላይ ነው በአብዛኛው የሚቀበለው፣ እሱ ደግሞ የወጣው በ2017 ነው። ፒሲ ሄልዝ ቼክ የሚባለውን የማይክሮሶፍት ፕሮግራም አውርደህ ምክንያቱን አንብብ። እዛ ላይ ፕሮሰሰሩን ሳይሆን ቲፒኤም 2.0 የለም ወይም ሴኪዩር ቡት የለም ብቻ ካለህ ተስፋ አለ፣ ብዙ ማሽን ላይ ቺፑ ኖሮ ባዮስ ውስጥ ጠፍቶ ነው የሚገኘው፣ ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ፈልገው። ፕሮሰሰሩ ነው ካለህ ግን በቃ እሱ አይቀየርም።

አልፎ መጫኑ ይሰራል፣ አልዋሽህም። ግን እንዲህ ለተጫነ ኮምፒውተር አፕዴት እንደሚቀጥል ማንም ዋስትና አይሰጥህም፣ ስለዚ ባንክህን የምትከፍትበት ማሽን ከሆነ እኔ አላረገውም። ዊንዶውስ 10 ላይ እንዳለህ ለተጨማሪ የሴኪዩሪቲ አፕዴት መመዝገብ ትችላለህ፣ ለግል ተጠቃሚ እስከ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13፣ 2026 ድረስ ነው፣ ዊንዶውስ አፕዴት ገፅ ላይ መመዝገቢያው ይመጣል፣ የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። በዛ ጊዜ ውስጥ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሰራ ነፃ ሲስተም፣ በፍላሽ አስነስተህ ሞክረው፣ ዲስኩን ሳትነካ ሙሉውን ሲስተም ከፍላሹ ላይ ማየት ይቻላል። ስራህ በብሮውዘር የሚያልቅ ከሆነ እንደዛ የሚሮጥ ላፕቶፕ ገና ብዙ አመት ያገለግልሃል።

ጥያቄ፦ ዛሬ ስምንተኛ ቀኔ ነው። ግማሹን ነገር ወድጄዋለሁ፣ ግን ሂሳብ የምሰራበት የድሮ ፕሮግራም ሲከፈት ወዲያው ይዘጋል፣ ፕሪንተሬም አይታይም። ልቆይ ወይስ ልመለስ?
— ሁለት ቀን የቀራት

መልስ፦ ፕሪንተሩን ለብቻው አስቢው። እኔ ስካነሬ ሶስት ቀን አልሰራ ብሎኝ ነበር፣ አፕግሬዱ ከድሮው ዊንዶውስ ተሸክሞት የመጣው ድራይቨር ነው ያስቸገረኝ። ፕሪንተሩን ከሴቲንግ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አጥፊው፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አርጊ፣ ከአምራቹ ዌብሳይት ላይ ለዊንዶውስ 11 የተባለውን ድራይቨር አውርደሽ እንደ አዲስ ጫኚው። አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል፣ ለፕሪንተር ብለሽ ሲስተም አትመልሺ።

የሂሳቡ ፕሮግራም ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ገቢሽ ነው። ፕሮግራሙ ላይ ራይት ክሊክ አርገሽ ፕሮፐርቲስ፣ ከዛ ኮምፓቲቢሊቲ ገብተሽ ለድሮው ዊንዶውስ በሚለው ሞክሪው፣ ዛሬውኑ ደግሞ ለሰሪዎቹ ደውለሽ ዊንዶውስ 11 ላይ ይሰራል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ነገ ማታ ድረስ ካልተፈታ ተመለሺ። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ ጎ ባክ የሚል አለ። ፋይሎችሽ ይቆያሉ፣ ከአፕግሬዱ በኋላ የጫንሻቸው ፕሮግራሞች ግን ይጠፋሉ፣ ቢሆንም ፋይሎችሽን ፍላሽ ላይ ኮፒ ሳታረጊ እንዳትነኪው። እስከዛ ቦታ ጠበበኝ ብለሽ ዲስክ ክሊንአፕ ውስጥ ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽንስ የሚለውን አታጥፊ፣ የድሮው ሲስተምሽ የተቀመጠው ዊንዶውስ ኦልድ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው፣ እሱ ከሌለ ጎ ባክ የሚለው አይሰራም። ዝም ብለሽ ብትተዪውም በአስረኛው ቀን ራሱ ያጠፋዋል፣ ስለዚ ስልኩን አሁን ደውዪ።